ሽማግሌዎቼ የቆሙበት ጨዋታ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ፊቱን ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ጎረምሳ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ይቅርታ፣ መቆም አለብህ" አለኝ። ከልጄ ከሊያ ጋር የኮሌጁን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ልናይ ሄደን ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ መኪና ስነዳ ስለዋልኩ ወገቤን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ነኝ። አውቄ "ለምን?" አልኩት። "እዚህ ወግ ነው። መጨረሻ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ በተለይ ስንሸነፍ" አለኝ። ከዚያ እንደ ሙዚየም አስጎብኚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በጣም የድሮ ነገር ነው፣ መቶ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም" ብሎ ጨመረልኝ።

እኔን! እኔን ቁም ይለኛል! ሳቄ አመለጠኝ። ሊያ ደግሞ ሰው ፊት ስስቅ ታፍራለችና "ዳዲ፣ ስቶፕ፣ ሰው እያየን ነው" ብላ እጄን ጎተተችኝ። መቶ ዓመት ይበል እንጂ፣ ያ ወግ ሊያን በጥቂት ዓመት ቢበልጣት ነው። የጀመሩትም ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። የጀመሩት በእኔ ጉዳይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥርን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ነው፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ቻምብሊ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ምድር ቤት ያለች አንዲት አፓርታማ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ኢስት ፖይንት ነው፤ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው የሚበሩ መንገደኞችን በሚኒባስ ወደ ኤርፖርት ማመላለስ። ከዚያ በፊት ነዳጅ ማደያ ሠርቻለሁ፣ መጋዘን ሠርቻለሁ፣ ሆቴል ውስጥም ሻንጣ ተሸክሜያለሁ። በሰዓት ትንሽ የምትሻል ነገር ከሰማሁ በነጋታው እዚያ ነኝ። ያን ጊዜ ይህን ጉብዝና ብዬ ነበር የምጠራው።

ሜሮንን ያወቅኳት ቤተ ክርስቲያን ነው። እሷ መዘምራን ውስጥ ነበረች፣ እኔ ወንበር ደርዳሪ። ነርስነቷን ጨርሳ ሥራ የጀመረችው ያን ዓመት ነው። እኔን ምን አይታ እንደወደደችኝ ዛሬም አልገባኝም፤ ስጠይቃት "ወንበሮቹን ቀጥ አድርገህ ትደረድር ነበር" ትለኛለች። እንጋባ ተባባልን። ጭንቁ አባቷ ነበሩ።

አባቷ ጋሽ ተፈራ ብራያርክሊፍ መንገድ አካባቢ በርበሬና እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ አላቸው። አገሩን በተማሪነት የረገጡ የጥንት ሰው ናቸው። የተማሩት እዚሁ ኮሌጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን በሜዳው ሲጫወት አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም ይባላል። ሱቃቸው ውስጥ ከሚዛኑ በላይ የተሰቀለው ፎቶ የማን ይመስላችኋል? የቡድኑ ነው፣ በደህናው ዘመን የተነሳ። በርበሬ ሊገዛ የገባ ሰው ስለ ኳስ ሳይሰማ አይወጣም። "ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ እኔን ሰው ያደረገኝ ይህ ኮሌጅ ነው" ይላሉ።

ያ ዓመት ግን ለጋሽ ተፈራ የሐዘን ዓመት ነበር። አሰልጣኙ ትልቅ ኮሌጅ ጠራውና ሄደ። ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾችም ትራንስፈር አድርገው ተበተኑ። የቀረው አንድ ወጣት አሰልጣኝና ጢም ያላበቀሉ የአንደኛ ዓመት ልጆች ናቸው። ቡድኑ ከሀ ጀምሮ መገንባት ነበረበት፤ እስኪገነባ ደግሞ የመጣ ሁሉ ይደበድበዋል። አዳራሹ ባዶውን ቀረ። ጋሽ ተፈራ ብቻ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሰው ሊያጽናናቸው ሲሞክር "ልጆች ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ለከርሞ ታዩዋቸዋላችሁ" ይላሉ።

እንግዲህ ሽማግሌ የላክሁባቸው በዚህ መሃል ነው። አንዱ ፓስተራችን ነው። ሁለተኛው አቶ ኃይሉ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መቀስ እንጂ አፍ የሌለው ዝምተኛ። መሪያቸው ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ነበር። ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ አንቱ ካሉት የሚቆጣ ሰው ነው። አባቴ በሕይወት ስለሌለ እሱን አባት አድርጌ ላክሁት። የጋሽ ደምሴ ወግ ጥብቅ ነው፤ ባደገበት አገር ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሳካ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ጋሽ ተፈራ ቤት ገብተው ሳሎን መሃል ቆሙ። ጋሽ ተፈራ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ብቻ ቀነሱ፤ ጨዋታ ነበራ። የሆነውን ከጋሽ ደምሴም፣ ወጥ ቤት ሆና ከሰማችው ከሜሮንም ነው የሰማሁት።

"ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ።

"ሹፌር ነው፣ ኤርፖርት አጠገብ" አለ ጋሽ ደምሴ።

"ከዚያ በፊትስ?"

ፓስተር መዋሸት አይችል፤ አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው። ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን ነቀነቁ። "በሦስት ዓመት አራት ሥራ! እኔ ዘንድሮ የሚሄድ ሰው አንገሽግሾኛል። አሰልጣኙ ሄደ፣ ልጆቹ ሄዱ። ልጄን የሚወስድ ሰው መቆየት የሚችል መሆን አለበት። አሁን እንቢም እሺም አልላችሁም። ቡድኔ በሜዳው አንድ ጨዋታ ሲያሸንፍ ተመለሱ፤ መልሴን ያኔ ትሰማላችሁ።"

ጋሽ ደምሴ እንደ በረዶ ደርቆ መጣ። "ስንት ቤት ሽምግልና ሄጃለሁ" አለኝ፣ "ከፋሲካ በኋላ ተብያለሁ፣ ወንድሟ ከአገር ሲመለስ ተብያለሁ። ኳስ ሲያሸንፍ ያለኝ ግን ይህ ሰው ብቻ ነው!"

ለሌላ ሰው ቀልድ ሊሆን ይችላል። ለእኔ አልነበረም፤ እናቴ መጥታ ነበር። እማዬ ከአዳማ ለጥቂት ወር ልትጠይቀኝ ብትመጣም፣ ልቧ የመጣው ሠርጌን ለማየት ነው። ከፋሲካ በኋላ የመመለሻ ቀኗ ይደርሳል፤ እንደገና ቪዛ ይሰጧት አይሰጧት ማን ያውቃል። ቡድኑ ደግሞ በሜዳው የቀረው ሦስት ጨዋታ ነው። ሦስቱንም ከተሸነፈ ቀጣዩ ጨዋታ ለኅዳር ነው። እማዬ ነገሩ ሲገባት "ታዲያ ኳሱን የሚያስገባው የማን ልጅ ነው? እናቱን ልለምናት" አለች። ሜሮን በበኩሏ ነደደች። "ባባ ሲሪየስሊ አብዷል! እኔ ራሴ ቶክ አደርገዋለሁ" አለችኝ። ኧረ በስመአብ! ሽማግሌ ተልኮ ልጅቱ ገብታ ልትከራከር? ለመንኳትና ተወችው።

እናም ሄድኩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከጋሽ ተፈራ ጥቂት መደዳ ወደ ኋላ፣ ኮፍያዬን ግንባሬ ላይ ደፍቼ አየሁ። ሕጉን አላውቀውም፤ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ሠርጌ የተሰረዘ ይመስለኛል። ተሸነፍን። "ተሸነፍን" ማለቴን ልብ በሉ። በአንድ ከሰዓት በኋላ "እነሱ" የነበሩት "እኛ" ሆነው ቁጭ አሉ። ከአላባማ የመጣ አንድ ረዥም ልጅ ነበር፤ እግሮቹ አያልቁም፣ እጁ ላይ ግን ኳስ አትረጋለትም። አንድ አጭር ልጅ ደግሞ ነበር፣ ላመለጠች ኳስ ሁሉ መሬት ላይ የሚንከባለል። ሥራ ላይ ሆኜ የመንገደኛ ሻንጣ ስጭን ስለ ረዥሙ ልጅ እጅ አስብ ጀመር።

ሁለተኛውንም ተሸነፍን። ሰዉ ሳያልቅ ወጥቶ ከፋንዲሻና እዚያ ከሚሸጠው ቢጫ ቺዝ ሽታ በቀር ምንም አልቀረም። ጋሽ ተፈራ ግን የመጨረሻው ተጫዋች ወደ መልበሻ ክፍል እስኪገባ ቆመው አጨበጨቡ። እኔም ከኋላ አጨበጨብኩ። ዞር ብለው አዩኝ።

"አንተ ነህ እንዴ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ምን አየህ እስቲ?"

"ያ ረዥሙ ልጅ… ሳይቸኩል ሲወረውር ይገባለታል፤ ሲቸኩል ነው የሚያመልጠው።"

"አየህ! እሱን ለከርሞ ማየት ነው!" አሉና ፊታቸው በራ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ትዝ አላቸው መሰለኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሄዱ።

የመጨረሻው የሜዳ ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ክረምቱ እየወጣ ነው፤ ቡፈርድ ሃይዌይ ዳር ያሉት ዛፎች ነጭ አበባቸውን አውጥተዋል፤ ለዓይን እንጂ ለአፍንጫ አይሆኑም እነዚያ አበቦች። ከቤት ልወጣ ስል ጋሽ ደምሴ ታክሲውን በሩ ላይ አቁሟል። ሱፉን ለብሶ ጋቢውን ደርቧል። ፓስተሩና አቶ ኃይሉም ከኋላ ተቀምጠዋል፣ እነሱም ጋቢ በጋቢ።

"የት ልትሄዱ ነው?" አልኩ በድንጋጤ።

"ቀጠሯችን የድል ቀን አይደለም? ድሉ የት ነው የሚሆነው? እዚያው ነው። ስለዚህ መልሱንም እዚያው እንሰማለን" አለ ጋሽ ደምሴ። ብለምን፣ ባስረዳ ማን ሰምቶኝ! እማዬም ነጠላዋን አጣፍታ ጋቢና ገባች። አዳራሹ በር ላይ ጠባቂው ቦርሳዋን ከፍቶ የቆሎውን ከረጢት ሲያገኝ ግራ ገባው፤ እሷ እፍኝ ሙሉ መዳፉ ላይ አደረገችለትና እያኘከ አሳለፈን።

ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብለው ወርደው ከጋሽ ተፈራ ወንበር ጀርባ ባለው መደዳ ተደርድረው ቆሙ። ጋሽ ተፈራ ዞረው ሲያዩ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

"ምን ሆናችኋል? እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"በቀጠሯችን መጥተናል" አለ ፓስተሩ በትሕትና።

"ይሁን፣ እሺ፣ ተቀመጡ።"

"መልስ ሳንሰማ?" አለ ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ተፈራ ወደ ሜዳው ዞሩ።

ቆሙ። ጨዋታው ተጀመረ፣ ቆመዋል። እረፍት ሆነ፣ ቆመዋል። ሦስት ነጭ ጋቢ ባዶ አዳራሽ መሃል! አንድ ተማሪ መጥቶ "ሰዎቹ ለምንድን ነው የማይቀመጡት?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሽምግልና ላስረዳው እንግሊዝኛዬ የት ይደርሳል? "ስናሸንፍ ይቀመጣሉ" አልኩት። ልጁ አፉን ከፍቶ አያቸው። ሄዶ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ትንሽ ቆይቶ እነሱ ቆሙ፣ ከዚያ ማዶ ያሉት ቆሙ፣ ከዚያ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች ቆሙ። የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን የቆመ ጥቂት ሰው ከተቀመጠ ብዙ ሰው ይበልጥ ይጮሃል። ሜዳ ላይ ያሉት ልጆች ቀና ቀና እያሉ ያዩን ጀመር።

ከእረፍት መልስ ረዥሙ ልጅ የቅጣት ኳስ ሊወረውር ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኳሷን ሊለቃት ሲል እማዬ "እልልልልል!" አለችው። ልጁ ደንግጦ ኳሷን ሰማይ ላካት። ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ዞሩ።

"እሜቴ፣ እባክዎ! የእኛ ልጅ ሲወረውር ዝም ነው የሚባለው። የሚጮኸው የእነሱ ሲወረውር ነው።"

"ጉድ ፈላ!" አለች እማዬ፣ "የራስን ልጅ ዝም ብሎ የሰው ልጅ ማበርታት ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?"

"ማበርታት አይደለም እሜቴ፣ ማደናገር ነው።"

"ማደናገሩንማ ለእኔ ተዉት።" እውነትም ቀጥሎ የተጋጣሚው ልጅ ሊወረውር ሲል እልልታዋን ለቀቀችበት፤ ሳተ። ተማሪዎቹ አበዱ! ሁለተኛውን ሊወረውር ሲል ሁሉም አብረዋት እልል ሊሉ ሞከሩ፤ እንደ ፍየል ነው የጮኹት፣ ግን ልጁ እንደገና ሳተ። ጋሽ ተፈራ ጀርባቸውን ሰጥተውን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይስቃሉ።

ሆኖም ነጥቡ አልቀናንም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እየተመራን ነበር። ሜሮን ከሥራ በቀጥታ፣ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች መጥታ አጠገቤ ቆመች። እማዬን አየኋት፤ ስትስቅ የነበረችው ሴትዮ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ውጤት የሚያሳየውን ሰሌዳ ማንበብ ችላለች። ጋሽ ደምሴ የሚያመውን ጉልበቱን በእጁ ይዞ፣ እግር እያቀያየረ ወንበር ተደግፏል።

ያን ጊዜ ጋሽ ተፈራ ተነሱ። ለጨዋታው ጀርባቸውን ሰጡ፤ ከዚያ በፊት ይህን ሲያደርጉ ያየ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ የቆመውን ሰው ሁሉ አዩ።

"እዚህ ወንበር ላይ አርጅቻለሁ" አሉ። "ቡድኔ ሲያሸንፍ የሚቆም ሰው ሞልቷል። ሲሸነፍ እንዲህ የቆመለት አላየሁም። ለልጁ ንገሩት፣ ሰጥቻለሁ። አሁን በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ።"

"ልጁ እዚሁ ነው" አለ አቶ ኃይሉ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ የጋሽ ተፈራን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ፋንዲሻ ላይ ተንሸራተትኩ። እማዬና ሜሮን ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ጋሽ ደምሴን ሊያስቀምጡት እጁን ሲይዙት ግን አንገቱን አስግጎ ከጋሽ ተፈራ ትከሻ በላይ ሜዳውን ያያል።

"አቶ ተፈራ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን" አለ፣ "ግን ከለሉኝ፤ ትንሽ ዞር ይበሉ። ቆይ፣ ጨዋታው ይለቅ።"

አልተቀመጠም። ማንም አልተቀመጠም። ልጆቹ ነጥብ በነጥብ እየለቀሙ መጡ፤ አጭሩ ልጅ ወለሉን በደረቱ ጠረገ፣ ረዥሙ ልጅ ሳይቸኩል ወረወረና አገባ። በመጨረሻ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረን። የመጨረሻዋ ኳስ ቀለበቷ ላይ ዞረች፣ ዞረች፣ ወደ ውጭ ወደቀች። ተሸነፍን። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ሊወጡ ሲሉ ጭብጨባው አላቆም አላቸው። ረዥሙ ልጅ ቀና ብሎ ጋቢ የለበሱትን አየና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። እውነቴን ነው፣ እንደ እኛ ሰው ጎንበስ አለ። ጋሽ ተፈራ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ "ለከርሞ" አሉ፣ "ለከርሞ ታያላችሁ!"

አየንም። ተማሪዎቹ በዓመቱ ሲመለሱ መጨረሻው ላይ መቆማቸውን አልረሱም። ቡድኑ በሁለተኛው ዓመት ከግማሽ በላይ ጨዋታውን አሸነፈ። ያ ረዥም ልጅ በአራተኛ ዓመቱ ኮንፈረንስ የሚሉትን የኮሌጆች ውድድር አሸንፎ፣ የአሸናፊ ወግ ነውና የቅርጫቱን መረብ በመቀስ ሲቆርጥ እኔና ጋሽ ተፈራ አንገት ለአንገት ተያይዘን እንደ ሕፃን አልቅሰናል። እኔም ሚኒባሴን አልለቀቅኩም፤ ዛሬ የራሴ ሚኒባሶች አሉኝ። እማዬ ከፋሲካ ማግስት ሠርጌን አይታ፣ እልል ብላ አገሯ ገባች። ጋሽ ተፈራ አሁን ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ቤታቸው ሆነው ነው የሚያዩት። "ልብ በል፣ ያን ቀን አላሸነፍንም። ልጄን በእምነት ነው የወሰድካት" ይሉኛል በየበዓሉ።

ጋሽ ደምሴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ልጅ የለውም፤ የቀበርነው እኛ ነን። ከቀብሩ ስመለስ ይህ ሰው ምን ትቶ ሄደ ብዬ አዝኜ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ያ ፊቱን የተቀባ ጎረምሳ ቁም ሲለኝ ቀና ብዬ አዳራሹን አየሁት። ዘንድሮ አሰልጣኙ እንደገና አዲስ ነው፣ ልጆቹም የአንደኛ ዓመት ናቸው፤ እንደገና ከሀ ተጀምሯል፣ እየተመራንም ነው። ግን እስከ ጣሪያው ድረስ የጋሽ ደምሴን ስም የማያውቅ ሕዝብ ቆሟል። ወገቤን ረስቼ ብድግ አልኩ።

ሊያ እግሯን እያሻሸች "ዳዲ፣ እየተሸነፍን እኮ ነው። መቼ ነው የምንቀመጠው?" አለችኝ።

"ቆይ ልጄ" አልኳት፣ "ጨዋታው ይለቅ።"